ስልክ ላይ የሚሳል ጎነ ሦስት

ባለፈው ሳምንት ማታ የእህቴ ልጅ ከአዳማ ደወለችልኝ። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። በቪዲዮ ልናወራ ሞከርን፤ ኔትወርኩ እምቢ አለ። በድምፅ ብቻ ቀጠልን።

«አጎቴ፣ የቤት ሥራዬ ላይ አንዱ ጥያቄ ኤክስ ሆነብኝ። ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ኮንግሩወንት መሆናቸውን አረጋግጡ ይላል።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«በማስመሪያ ለካኋቸው። እኩል ናቸው።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያ ነበር የማስበው። እኩል የሚመስል ነገር እኩል ነው፤ ከተለካ ደግሞ ምን ቀረው? ግን ማስመሪያ ሚሊ ሜትር እንጂ ከዚያ በታች አያይም። ደግሞም የለካችው ደብተሯ ላይ ያለውን አንድ ስዕል ነው። ጥያቄው የሚያወራው በዚያ ሁኔታ ሊሳሉ ስለሚችሉ ጎነ ሦስቶች ሁሉ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ስዕል እኮ አንዳንዴ ሆን ተብሎ ተንሻፎ ይሳላል።

«እኔ ስዕሉን አላየውም። በቃል ንገሪኝና እዚህ ልሳለው» አልኳት። ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለጨዋታ ያህል ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን የምዕራፉ ፍሬ ነገር እጃችን ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። አንድ ጎነ ሦስት ስድስት ነገር አለው፤ ሦስት ጎንና ሦስት ዘዌ። ሁለት ጎነ ሦስቶች ተገጣጣሚ ናቸው የምንለው አንዱን በመቀስ ቆርጠን ሌላው ላይ ስናስቀምጠው ምንም ሳይተርፍ፣ ምንም ሳይጎድል ልክክ ሲል ነው። ማዞር ይቻላል። እንደ ቂጣ መገልበጥም ይፈቀዳል። ምስስል የምንላቸው ደግሞ መልካቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ሊለያይ የሚችለውን ነው። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ በሁለት ጣት ሲሰፋ የሚሆነውን አስቡ። ሰውየው ይተልቃል እንጂ አፍንጫው አይጣመምም። ክፍል ውስጥ «ኮንግሩወንት» እና «ሲሚላር» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እሷ ጋ ያለውን ጎነ ሦስት ሳላየው፣ ልክ እንደዚያው አድርጌ እንድስል ስንት ነገር ልትነግረኝ ይገባል? ስድስቱንም ብትነግረኝ አልሳሳትም። ግን ካርድ ያልቃል። ስንቱ ይበቃል?

«አንዱ ጎን 7 ሴንቲ ሜትር ነው» አለችኝ። 7 ሴንቲ ሜትር አሰመርኩ። በዚህ መስመር ላይ የሚቆሙ ጎነ ሦስቶች ማለቂያ የላቸውም። «ሁለተኛው 5።» ኮምፓሱን 5 ላይ ከፍቼ ከመስመሩ ግራ ጫፍ ክብ አዞርኩ። ሦስተኛው ነጥብ እዚህ ክብ ላይ የሆነ ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ግን ገና አላውቅም። «ሦስተኛው 6።» ከቀኝ ጫፍ ሌላ ክብ አዞርኩ። ሁለቱ ክቦች ሁለት ቦታ ተቋረጡ፤ አንዱ ከመስመሩ በላይ፣ አንዱ ከመስመሩ በታች።

ሁለት መልስ መጣ ማለት ነው? አይደለም። የታችኛው የላይኛው የመስታወት ምስል ነው፤ ቂጣውን ገልብጡት። ስለዚህ ሦስት ጎን በቃ። ስለ ዘዌዎቹ አንዲት ቃል አልነገረችኝም። እነሱ ግን ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው በራሳቸው ልካቸውን ያዙ። ጎን-ጎን-ጎን፣ ባጭሩ ጎጎጎ የሚባለው ይህ ነው።

ስሙን ባይጠራውም አናጢ ሁሉ ይህን ያውቃል። በአራት እንጨት ብቻ የተሠራ የግቢ በር ውሎ አድሮ ያዘነብላል። የእንጨቶቹ ርዝመት አልተለወጠም፤ ማዕዘናቸው ግን ተንሸራቷል። አናጢው ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ሰያፍ እንጨት ይመታበታል። ያኔ በሩ ሁለት ጎነ ሦስት ሆነ። ከዚያ በኋላ እንጨት ካልተሰበረ ወይም ሚስማር ካልወለቀ ንቅንቅ የለም። የአራት ማዕዘንን አራት ጎኖች በስልክ ብትነግሩኝ ግን ልስልላችሁ አልችልም። አራት ጎን ይዞ መንጋደድ ይቻላልና።

ቀጠልን። «አንዱ ጎን 6፣ አንዱ 8፣ በመካከላቸው ያለው ዘዌ 50 ዲግሪ።» 50 ዲግሪ ከፈትኩ። በአንዱ ክንድ ላይ 6፣ በሌላው ላይ 8 ለካሁ። ጫፎቹን አገናኘሁ። አለቀ። ይሄ ጎን-ዘዌ-ጎን፣ ጎዘጎ ነው። ዘጎዘም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ከአንድ ጎን ሁለት ጫፎች በተነገረኝ ዘዌ ሁለት መስመር አስነሳለሁ፣ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ጎኑ በሁለቱ ዘዌዎች መካከል ባይሆንም አይከፋም። የዘዌዎቹ ድምር 180 ዲግሪ ስለሆነ ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውን ያውቃል። ብቻ ጎኑ ከየትኛው ዘዌ ፊት ለፊት እንዳለ ይነገረኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እነዚህን ሕጎች በተርታ የምናገኛቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ እስክንድርያ ውስጥ በሠራው በዩክሊድ ዘንድ ነው። 13 ክፍል ያለው «ኤለመንትስ» ገና በመጀመሪያው ክፍል 4ኛ ላይ ጎዘጎን፣ 8ኛ ላይ ጎጎጎን፣ 26ኛ ላይ ዘጎዘን ያስቀምጣል። ጎዘጎን ያረጋገጠበት መንገድ ግን «አንዱን አንሥተህ ሌላው ላይ ጫነው» የሚል ነው። እኔ በመቀስ እንዳልኩት ማለት ነው። በኋላ የመጡ ሰዎች ይህ አልዋጥ አላቸው። ጎነ ሦስት ከቦታው ተነሥቶ ሲሄድ መንገድ ላይ እንደማይለጠጥ ማን ነገረህ? ካስቀመጥካቸው መነሻ ሕጎች ውስጥ የለም! እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት የጂኦሜትሪን መሠረት እንደገና ሲያበጅ የጎዘጎን ዋና ሐሳብ ላረጋግጠው አላለም። እንደ መነሻ እውነት ተቀብሎት ሌሎቹን ከእሱ አወጣ። ስለዚህ «ጎዘጎ ራሱ ለምን እውነት ሆነ?» የሚል ተማሪ ካጋጠማችሁ አትቆጡት። የጠየቀው ከ2000 ዓመት በላይ ሰዎችን ያከራከረ ጉዳይ ነው።

«እሺ፣ ዘዌው በሁለቱ ጎኖች መካከል ካልሆነስ?» አለችኝ ልጅቷ።

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚገባበት ጉድጓድ ይኸው ነው። በደንብ እንየው። ፍየል እንሰር።

አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ከመንገዱ 4 ሜትር ገባ ብሎ ችካል ተተክሏል። ፍየሏ በ5 ሜትር ገመድ ችካሉ ላይ ታስራለች። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜያለሁ። ከእኔ እስከ ችካሉ 8 ሜትር ነው፤ ወደ ችካሉ የማይበት አቅጣጫ ከመንገዱ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል። ፍየሏ ገመዷን ወጥራ መንገዱ ላይ የወደቀ ቅጠል ትበላለች። የት ናት?

ሁለት ቦታ ልትሆን ትችላለች። ከችካሉ ትክክል ካለው የመንገዱ ነጥብ 3 ሜትር ወደ እኔ ቀረብ ብላ፣ ወይም 3 ሜትር ወደዚያ ራቅ ብላ። በሁለቱም ቦታ ገመዱ 5 ሜትር ነው። ከእኔ እስከ ችካሉ 8 ሜትር ነው። እኔ ጋ ያለው ዘዌ 30 ዲግሪ ነው። ከእኔ እስከ ፍየሏ ያለው ርቀት ግን በአንዱ 3.93 ሜትር ገደማ፣ በሌላው 9.93 ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ፣ ችካሉና ፍየሏ የምንሠራቸው ሁለቱ ጎነ ሦስቶች በሦስት ነገር እኩል ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ዘመድም አይመስሉም።

ገመዱን እናሳጥረው። 4 ሜትር ሲሆን ፍየሏ መንገዱን የምትነካው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ገመዱና መንገዱ 90 ዲግሪ ሲሠሩ። 3 ሜትር ከሆነ መንገዱ ጋ አትደርስም፣ ጎነ ሦስትም የለም። እናስረዝመውስ? 8 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን በእኔ በኩል የነበረው ቦታ ወይ እኔ ከቆምኩበት ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ወይ ከኋላዬ ይሄዳል። ያኔ የ30 ዲግሪው ነገር ይፈርሳልና የሚቀረው መልስ አንድ ነው። ጎጎዘ ከሕጎቹ ተርታ የማይገባው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ አንድ መልስ አለው፣ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ባዶ።

የሚድንበት አንድ ሁኔታ አለ። የተነገረው ዘዌ 90 ዲግሪ ይሁን፤ ማለትም እኔ ልክ ከችካሉ ትክክል ልቁም። ፍየሏ ከግራዬ ወይ ከቀኜ ትሆናለች። ሁለቱ ግን የመስታወት ምስል ናቸው፤ ቂጣ መገልበጥ ብቻ ነው። መጽሐፉ 90 ዲግሪ ዘዌ ስላለው ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት «ሃይፖተኑስና አንድ ጎን ይበቃል» የሚለው ይህን ነው፤ ሃይፖተኑስ ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ጎን ነው፣ እዚህ ገመዱ።

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት አንድ እንቆቅልሽ። ከስድስቱ ነገሮች አምስቱ እኩል ከሆኑ ሁለት ጎነ ሦስቶች ተገጣጣሚ ናቸው? አፍ «አዎ» ለማለት ይቸኩላል። አንዱን 8፣ 12፣ 18 አድርጉት። ሌላውን 12፣ 18፣ 27። የሁለተኛው እያንዳንዱ ጎን የመጀመሪያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም ዘዌዎቻቸው እኩል ናቸው። ደግሞ 12 እና 18 ሁለቱም ጋ አሉ። አምስት ነገር እኩል ሆነ፤ ግን አንዱ ከሌላው ይተልቃል! ምን ተፈጠረ? 12 በመጀመሪያው ጎነ ሦስት መካከለኛው ጎን ነው፣ በሁለተኛው ትንሹ ጎን። ርዝመቱ አንድ ነው፣ የተቀመጠበት ቦታ ሌላ ነው። «ተጓዳኝ» የሚለው ቃል በየመስመሩ የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ሀለመ ከረሰተ ጋር ተገጣጣሚ ነው ስንል ሀ ከረ፣ ለ ከሰ፣ መ ከተ ጋር ተጣምረዋል ማለታችን ነው። ፊደሎቹን እንደመጣላችሁ ከደረደራችሁ ማረጋገጫው ቢያምርም ሌላ ነገር ነው የተናገራችሁት።

አሁን ወደ ተሳሳተችው ጥያቄ። ኤክስ የሆነው ጥያቄ ስዕሉም ኤክስ ነበር። አንድ መስመር ከሀ ወደ ለ፣ ሌላው ከመ ወደ ረ ይሄዳል። የሚቋረጡበት ነጥብ ነ ይባላል፤ ለሁለቱም መስመሮች መሃል ነው። ሀነመ ከለነረ ጋር ተገጣጣሚ መሆኑን አረጋግጡ ይላል።

«ቤት ውስጥ ታጣፊ ወንበር የለም?» አልኳት።

«እማማ ጋ አለ።» አያቷን ነው።

ታጣፊ ወንበርን ከጎን ስታዩት እግሮቹ ኤክስ ናቸው። መሃላቸው ላይ ቡሎን አለ። ሀ እና መ መቀመጫውን የሚሸከሙት የላይኛዎቹ ጫፎች ናቸው፣ ለ እና ረ ወለሉ ላይ ያረፉት። ቡሎኑ ነ። ስዕሉን ወንበር ካደረግነው በኋላ ልጅቷ ራሷ ትናገር ጀመር፤ እኔ ከእያንዳንዱ አረፍተ ነገር በኋላ «ምክንያቱም?» ብቻ ነበር የምለው።

«ሀነ ከለነ ጋር እኩል ነው።» ምክንያቱም? «ነ መሃል ነው ተብሎ ተሰጥቷል።» እሺ። «መነም ከረነ ጋር እኩል ነው። ምክንያቱ ያው።» እሺ። ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ «ሀመ ከለረ ጋር እኩል ነው» አለች። ምክንያቱም? «ጎነ ሦስቶቹ ተገጣጣሚ ስለሆኑ።»

ከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ተገጣጣሚ መሆናቸውን ልናረጋግጥ ተነሥተን ተገጣጣሚነታቸውን ማስረጃ አደረግነው። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ በደህና እጅ ጽሕፈት ሲጻፍ ደግሞ ዓይን ይሸውዳል።

«ወንበሩን አስቢው» አልኳት። «ቡሎኑ ጋ ምን አለ?»

«ዘዌ... የላይኛውና የታችኛው ፊት ለፊት ይተያያሉ። እኩል ናቸው!»

አለቀ። ጎን፣ በመካከል ያለ ዘዌ፣ ጎን። በጎዘጎ ሀነመ ከለነረ ጋር ተገጣጣሚ ነው። ማስመሪያ አልተነካም። ወንበሩ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ እግሮቹ ይከፈቱ ይጠበቡ፣ ነገሩ አይለወጥም። የዘዌው እኩልነት ጥያቄው ውስጥ በጽሑፍ አልተሰጠንም። ስዕሉ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሥራው ይህ ነው፤ ሁለት ነገር ይሰጣችኋል፣ ሦስተኛውን ፈልጋችሁ ታመጣላችሁ። የሚደበቅባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ሁለቱ ጎነ ሦስቶች አንድ ጎን ይጋሩ ይሆናል፤ ያ ጎን ከራሱ ጋር እኩል ነው፣ ይህን መጻፍ ሞኝነት ይመስላል ግን ነጥብ አለው። ትይዩ መስመሮች ካሉ በዜድ ቅርጽ የሚገኙት ዘዌዎች እኩል ናቸው። ክብ ካለ ከመሃሉ ወደ ዙሪያው የሚሄዱት መስመሮች ሁሉ እኩል ናቸው።

አንዴ ተገጣጣሚነቱ ከተረጋገጠ ደግሞ ምርቃት አለ። ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትገዙ ሻጯ ከላይ ጣል እንደምታደርግላችሁ ማለት ነው። በሦስት ነገር ከፈልን፣ የቀሩትን ሦስቱን በነፃ ወሰድን። ሀመ ከለረ ጋር እኩል ነው፤ አሁን ማለት ይቻላል። ሀ ላይ ያለው ዘዌም ለ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው። እነዚህ ሁለቱ የዜድ ዘዌዎች ናቸው፤ ስለዚህ መቀመጫው ከወለሉ ጋር ትይዩ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ጎን የማይንሸራተተው ቡሎኑ የሁለቱም እግሮች መሃል ላይ ስለተበሳ ነው።

እዚህ ላይ የምወደውን አንድ ማረጋገጫ ሳላነሣ አላልፍም። ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ጎነ ሦስት ከታች ያሉት ሁለት ዘዌዎቹም እኩል ናቸው። ዩክሊድ ይህን ሲያረጋግጥ ተጨማሪ መስመሮች እየቀጠለ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አውሮፓ ውስጥ ተማሪዎች እዚያ ላይ እየተንገዳገዱ ቢያስቸግሩ «የአህዮች ድልድይ» የሚል ስም ወጣለት። በ4ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የኖረው ፓፑስ ግን በሁለት መስመር ጨረሰው ይባላል። ሀለ ከሀመ ጋር እኩል ከሆነ፣ ጎነ ሦስቱን ከራሱ ጋር አወዳድሩት፤ ግን ገልብጣችሁ። ሀለመን ከሀመለ ጋር። ሀለ ከሀመ ጋር እኩል ነው፣ ሀመ ከሀለ ጋር እኩል ነው፣ በመካከል ያለው የሀ ዘዌ ከራሱ ጋር እኩል ነው። በጎዘጎ ተገጣጣሚ ናቸው። የለ ዘዌ ከመ ዘዌ ጋር እኩል ነው። ምንም መስመር አልተጨመረም። መጀመሪያ ሳየው የተጭበረበርኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ አንብቤዋለሁ።

ወደ ስልኩ እንመለስ። «ሦስቱን ዘዌዎች ብቻ ብነግርህስ?» አለችኝ። «60፣ 60፣ 60።» ሳልኩ። የእኔ ጎን 4 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የእሷ 9 ነበር። እሷ የነገረችኝን ሁሉ አክብሬያለሁ፤ መጠኑን ግን አልነገረችኝም። አንዱ ለግብዣ የሚጠበስ ትንሽ ሳምቡሳ፣ አንዱ የሻይ ቤት ትልቅ ሳምቡሳ ነው። ቅርጹ ደረሰኝ፣ ልኩ ቀረ። ምስስልነት ማለት ይኸው ነው።

ለምስስልነት እንዲያውም ሁለት ዘዌ ይበቃል፤ ሦስተኛው ከ180 ላይ ራሱ ይወጣል። ዘዌ-ዘዌ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው፣ ፈተና ላይም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው እሱ ነው። ጎጎጎና ጎዘጎም አሉ፤ ልዩነቱ ጎኖቹ «እኩል ናቸው» በማለት ፈንታ «ንጥጥራቸው (አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ መሆኑ) እኩል ነው» ማለታችን ነው። 8፣ 12፣ 18 እና 12፣ 18፣ 27 ተገጣጣሚ አልሆኑም እንጂ፣ ምስስል መሆናቸው በጎጎጎ ተረጋግጧል።

ወንበሩን እንደገና እንየው። ቡሎኑ መሃል ላይ ባይሆንስ? እግሮቹ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። ቡሎኑ ከሁለቱም እግሮች የላይኛ ጫፍ 24፣ ከታችኛው 36 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። የላይኛውና የታችኛው ጎነ ሦስት አሁን ተገጣጣሚ አይደሉም። ግን 24 ለ36 በሁለቱም እግር 2 ለ3 ነው፤ በመካከል ያለው ዘዌም እኩል ነው። በጎዘጎ ምስስል ናቸው። ስለዚህ የሀ ዘዌ ከለ ዘዌ ጋር አሁንም እኩል ነው። መቀመጫው አሁንም ከወለሉ ጋር ትይዩ ነው! የተለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ መቀመጫው 30 ይሆናል።

ምስስልነት የሚያስቀናኝ እጅ የማይደርስበትን ነገር ስለሚለካ ነው። ከዘመናት በኋላ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሚሌጦሱ ታሌስ የግብፅን ፒራሚድ በጥላ ለካው። አንዱ ትረካ የራሱ ጥላ ከራሱ ቁመት ጋር እኩል እስኪሆን ጠበቀ ይላል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው፤ ሲሠራ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር ተኩል ገደማ፣ የመሠረቱ አንድ ጎን 230 ሜትር ገደማ ነበር። ጥላው የሚለካው ከጫፉ ቀጥታ ሥር፣ ማለትም ከመሠረቱ መሃል ነው። መሃሉ ግን ድንጋይ ውስጥ ነው። ጥላው በቀጥታ በአንዱ ጎን በኩል ቢወድቅ፣ 115 ሜትሩ እዚያው ፒራሚዱ ሥር ይቀራል፤ መሬት ላይ ወጥቶ የሚታየው 31 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያችን ብቻ ለክቶ የሄደ ሰው ፒራሚዱን ኮረብታ ያደርገዋል።

ሐውልት ከፒራሚድ ይሻላል፤ ቀጭን ነው። ከሮም የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደው፣ በ2005 በሦስት ቁራጭ የተመለሰውና በ2008 ዳግም የቆመው ነው። 1.6 ሜትር ቁመት ያላት ልጅ አጠገቡ ብትቆምና ጥላዋ 1.2 ሜትር ቢሆን፣ በዚያው ደቂቃ የሐውልቱ ጥላ 18 ሜትር ቢሆን፣ 1.6 ለ1.2 ማለት 4 ለ3 ነው። 18ን በ4 አባዝቶ ለ3 ማካፈል፤ 24 ሜትር። የሐውልቱ ቁመትም እዚያው ገደማ ነው።

ለምን ሠራ? ልጅቷም ሐውልቱም ከመሬቱ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራሉ፤ አንድ ዘዌ። ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ጨረሮቿ ትይዩ ሆነው ይወርዳሉ፤ መሬቱን በአንድ ዓይነት ዘዌ ይመታሉ፤ ሁለተኛው ዘዌ። ዘዌ-ዘዌ፣ ምስስል። ይህ እንዲሆን ግን ሜዳው ደልዳላ መሆን አለበት፣ ልጅቷም ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ሰዓትም ይመረጣል። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በእነዚያ ሰሞን ቀን 6 ሰዓት ላይ ሜትር ይዞ የወጣ ሰው የሚለካው ጥላ አያገኝም። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይሻላል።

ልጅቷ ቅዳሜ መልሳ ደወለች። አያቷ ቤት ሄዳ ታጣፊውን ወንበር አይታዋለች።

«አጎቴ፣ ይሄ ወንበር ያዘነብላል። እማማ ሁልጊዜ ከአንዱ እግር ሥር ካርቶን ታደርጋለች።»

«ቡሎኑ የት ነው?»

ለክታዋለች። በዚህ ጊዜ ማስመሪያው በቦታው ነው። እግሮቹ 60፣ 60 ናቸው። በአንዱ እግር ቡሎኑ ከላይ 24፣ ከታች 36 ላይ ነው። በሌላው እግር ከላይ 27፣ ከታች 33።

«2 ለ3 እና 9 ለ11» አለችኝ ሳልጠይቃት። «እኩል አይደሉም። መቀመጫው ትይዩ ቢሆን ኖሮ ዘዌዎቹ እኩል ይሆኑ ነበር፣ ጎነ ሦስቶቹ ምስስል ይሆኑ ነበር፣ ንጥጥሩም እኩል ይሆን ነበር። አልሆነም። ስለዚህ ትይዩ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ሁለተኛው እግር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ይበሳ። ለጎረቤት አናጢ ነግሬዋለሁ፣ ነገ መጣለሁ ብሏል። እማማ ግን ካርቶኑ ምን አለው እያለች ነው።»